በእኔ ድምፅ ማን ተናገረ?

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለየኔታ ገብረ ሚካኤል፣

እንደምን ከረሙ የኔታ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እናቴስ ደኅና ናት? እኔ ኪዳነ ምሕረት ትመስገን፣ ከብርዱ በቀር የሚያስከፋኝ ነገር የለም።

ደብዳቤዎን ሙነወር ከጨው ጆንያዎቹ መሐል አውጥቶ ሰጠኝ። «አጎትሽ ስልክ አልይዝም ብለው እኔን ፖስታ ቤት አደረጉኝ» እያለ ይስቃል። ለደብረ ኤልያስ ሱቁ ዕቃ የሚጭነው ከዚህ ስለሆነ መልሱንም ለእሱ እሰጠዋለሁ።

«በነጻ የሚያስተምር የለም፣ ምን ሊወስዱ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። የኔታ፣ እርስዎም እኮ ቅኔ የሚያስተምሩት በነጻ ነው። ማሰልጠኛው ከየወረዳው የመጣነውን የገጠር ልጆች ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተር ያስተምረናል። ከሰዓት ደግሞ ሥራ አለን። ስልክ ውስጥ ያለው ማሽን የአዲስ አበባን አማርኛ ትንሽ ትንሽ ይሰማል፤ የእኛ አገር ገበሬ ሲያናግረው ግን ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ከየቀያችን ሰው እያናገርን ድምፁን እንቀዳለን፤ የተናገረውን ቃል በቃል እንጽፋለን፤ ማሽኑም ከዚያ ይማራል። ነገ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ስለ ስንዴው ዋግ በአፉ ጠይቆ በጆሮው መልስ ያገኛል። ጥሩ የሠራ ሰልጣኝ ደግሞ እዚሁ በደመወዝ ይቀጠራል። እኔም ተስፋ አለኝ።

በፋሲካ እርስዎን ፈቅደውልኝ የቀዳሁት ለዚሁ ነው። «ድምፄ አሁን የት ነው የሚያድረው?» ላሉኝ፣ ማሰልጠኛው ቤት ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ታዲዮስ የሚባለው አስተማሪያችን ሲሰማው «እንዲህ ያለ የጠራ አማርኛ ቀድቼ አላውቅም» ብሎ ተገረመ። እንዲያውም ራሱ መጥቶ ቢቀዳዎት፣ ተአምረ ማርያሙንም በፎቶ ቢያነሣው ይወዳል። ይምጣ ወይ?

ልጅዎ የኔአለም


ደብረ ኤልያስ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔአለም፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ጉልበቴን ተይው፤ የክረምቱን መምጣት ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው። እናትሽ ደኅና ናት፤ ማታ ማታ ስምሽን እየጠራች እኔን ትቆጣለች፣ እኔ የላክሁሽ ይመስል።

በነጻ ማስተማሬን ጠቅሰሽ አፌን ልታስይዢኝ ሞከርሽ። ጎበዝ። ግን እኔ ተማሪዎቼን ድምፃችሁን አስረክቡኝ ብዬ አላውቅም።

ቅኔውን ባትዘልቂበትም ያደግሽው ጉባኤ ቤት ደጃፍ ነው። ሰሙን ሰምታችሁ ወርቁን ሳታገኙ አትነሡ እያልኩ ተማሪ ስቆጣ ሰምተሻል። «በነጻ እናስተምራለን» ሰሙ ነው። ወርቁ የት አለ? ለገበሬው ያዘነ ሰው መጀመሪያ መንገዱን አይሠራለትም ነበር?

ያ ታዲዮስ ይምጣ ወይ ላልሽው፣ አይምጣ። መጽሐፉንም ፎቶ አያነሣም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሥዕል ያለበት የብራና ተአምረ ማርያም እንዳለን ለዚህ ሰው ማን ነገረው? እኛ እንኳ ከዕቃ ቤት የምናወጣው በዓመት በዓል ብቻ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች። አንቺ ነሽ አልልም። አይደለሽም ለማለትም አልቸኩልም።

ገብረ ሚካኤል


ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት፤ በያዝኳት ቁጥር ትከብደኛለች።

መጽሐፉን የነገሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። በፋሲካ ስቀዳዎት ስለ ልጅነትዎ ሲያወሩ «የኪዳነ ምሕረትን ተአምረ ማርያም ሥዕል እያየሁ ነው ንባብ የወደድኩት፤ አክሊሏ ዛሬም እንደ ፀሐይ ያበራል» ብለዋል። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያረመው ደግሞ ታዲዮስ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

እስኪ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። ከእኔ ጋር የምትማር ፋኢዛ የምትባል ልጅ አለች፤ የቁይ ነጋዴ ልጅ ናት። በገበያ ቀን የሠራነውን ይዘን ወጣንና ሙላት የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። «እስኪ ይጠይቁት» ብላ ፋኢዛ ስልኩን ዘረጋችላቸው። ትንሽ አፈሩና «አንተ ሰውዬ፣ ስንዴዬ ላይ ቀይ አቧራ የሚመስል ወጣብኝ፣ ምን ላድርገው?» አሉት። ማሽኑም በእኛው አነጋገር መለሰላቸው። ሽማግሌው ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ሰው የተደበቀ መስሏቸው። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይሄ የማን ልጅ ነው? አነጋገሩ የአገራችን ነው።» እኔና ፋኢዛ ተቃቅፈን ዘለልን። የኔታ፣ እስከዛሬ የእኛን አነጋገር የሰማ ሁሉ ሲስቅበት ነው የኖረው። አሁን ገና የሚሰማው መጣ።

ለታዲዮስ እምቢ ማለትዎን ነገርኩት። «ደግ ነው» አለ፤ አልተቆጣም። በሌላ ቀን ግን «ለመሆኑ ቁልፉን የሚይዘው ማነው? እሱን ብንለምነውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቄሰ ገበዝ አበባው ናቸው አልኩት። አገር የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ክፋት አልታየኝም።

ልጅዎ የኔአለም


ደብረ ኤልያስ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔአለም፣

ሰላምታ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፤ ስትመልሺ ግን የተጠመቅሽባትን ታቦት አስበሽ ይሁን። ድምፄን ለማን ሰጠሽው?

ምን ሆነ ብለሽ አትጠይቂኝ። እጅሽ ካለበት ታውቂዋለሽ፤ ከሌለበት ሙነወር ይነግርሻል። መልስሽ እስኪደርሰኝ ወደዚህ እንዳትመጪ።

ገብረ ሚካኤል


ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

ሙነወር ነገረኝ። ዕቃውን ሳያራግፍ፣ መኪናው ጥላ ሥር አስቀምጦኝ ነው የነገረኝ።

እርስዎ ለአቶ አንሙት ተዝካር ወደ ቁይ በሄዱበት ዕለት ለቄሰ ገበዝ ስልክ ተደወለ አለ። «ገብረ ሚካኤል ነኝ፤ የሰው ስልክ ተውሼ ነው። መጽሐፉን የሚጠግኑ ሰዎች እየመጡ ነውና ስጣቸው» ተባለ። ሰዎቹም በመኪና መጡ። ቄሰ ገበዝም በእጃቸው አንሥተው ተአምረ ማርያምን አስረከቧቸው። እርስዎ ሲመለሱ ጉዱ ወጣ።

ሙነወር ሲጨርስ «የኔታ አላሉም እኮ» አልኩት። «እኔም አላሉም ነው የምለው» አለ፤ «ግን የሰሙት ሁሉ እሳቸው ናቸው እያሉ ነው።»

በኪዳነ ምሕረት እምላለሁ፤ ድምፅዎን ለማሰልጠኛው ካስረከብኩት በቀር ለአንድም ሰው አልሰጠሁም፣ አላሰማሁም። እናቴ ብትጠይቅዎት ይህንኑ ይንገሯት።

አሁን ግን እኔም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ታዲዮስ ከሰኔ መጨረሻ ወዲህ አልታየም። ቢሮ ስጠይቅ አንዱ «ታሟል» ይላል፤ ሌላው «ለዘመድ ሠርግ ሄዷል» ይላል። ስልኩ አይሠራም።

እባክዎን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ያን ጥሪ እርስዎ በጆሮዎ ሰሙት? ቄሰ ገበዝ ስልክ ላይ አሁንም ይኖር ይሆን?

የኔአለም


ደብረ ኤልያስ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔአለም፣

ዛሬ ሰላምታ አለሽ። መሐላሽ አሳምኖኝ አይደለም፤ እናትሽ እያለቀሰች ስለለመነችኝ ነው። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

ጥሪው አለ። የአበባው ስልክ የሚደወልለትን ሁሉ በራሱ የሚቀዳ ነው። ሰምቼዋለሁ።

ከቁይ ተመልሼ ደጁን ስሳለም አበባው ደስ ብሎት ወደኔ መጣ። «የኔታ፣ ሰዎቹ መጥተው ወስደውታል። ጥገናው መቼ ያልቃል አሉ?»

«የምኑ ጥገና?»

«የመጽሐፉ ነዋ፤ እርስዎ ያዘዙት።»

«እኔ ያዘዝኩት ነገር የለም።»

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። አብሬው ሳልስቅ ስቀር ፊቱ አመድ ለበሰ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሰማኝ።

የኔአለም፣ እኔ ነበርኩ። የሚመስለኝ ሰው አይደለም፤ እኔው ራሴ። ነገር ስጀምር «እእ» ብዬ የምጎትተው አለ። ቃሉን ልጨርስ ስል የሚያጥረኝ ትንፋሽ አለ። አበባውን ስጠራው «አንተ አበባው» ማለቴን እንኳ አልተወውም። ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ለማንም አልነገርኩም። ምናልባት ብዬው ይሆን? አልኩ። ተዝካሩ ላይ ጠላ ቀምሻለሁ፤ የሰው ስልክ ተቀብዬ ተናግሬ ረስቼው ይሆን? እርጅናው እንዲህ ነው የሚጀምረው? ራሴን እንደ ሌባ መረመርኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ቅኔ ስፈታ ኖሬ የራሴ አፍ ምስክር ሆኖ ሲቆምብኝ መፍታት አቃተኝ።

ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ጥሪውን ከፍ አድርገው አሰሙት። ወለተ ሰንበት፣ የአንሙት ሚስት፣ «ተዝካሩ ላይ ከእኛ ጋር ነበሩ፣ ስልክ ሲይዙ አላየንም» ብላ መሰከረች። «ዓይንሽን ነቅለሽ አልተከልሽባቸውም፤ ውጭ ሲወጡስ?» ብለው ዝም አሰኟት። አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «እንግዲህ የኔታ፣ ይህ ድምፅ የማን ነው?» አለኝ። «የእኔ ነው፤ የተናገርኩት ግን እኔ አይደለሁም» አልኩ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ልክ ናቸው፤ እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አልቀበለውም ነበር።

«ነገሩ እስኪጣራ ጉባኤ ቤቱ ይዘጋ» ተባለ። ተማሪዎቼ ወደ ሌላ መምህር ሄደዋል። የቀሩትም ቁራሽ ሲለምኑ «የሻጩ ደቀ መዝሙር» እየተባሉ ውሻ ይለቀቅባቸዋል።

በሰው አልፈርድም፤ ጆሮውን ነው ያመነው። እኔም አንቺን ጠርጥሬሻለሁ፤ ዛሬም አልተውኩም። ድምፄ በእጅሽ ነበር። ቁልፉ አበባው ዘንድ መሆኑን ለሰውየው የነገርሽው አንቺ ነሽ። ይህን ለጉባኤው አልተናገርኩም። ስምሽን ከአፌ አላወጣሁም። እስከ መቼ እንደምይዘው ግን አላውቅም።

ገብረ ሚካኤል


ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት። ስሜን ስለያዙልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ግን ይልቀቁት፤ መጥቼ በራሴ አፍ እናገራለሁ።

እርስዎ አልረሱም። እርጅናም አይደለም። የሰው ድምፅ የሚሠራ ማሽን አለ። ጥቂት የተቀዳ ንግግር ካሰሙት የዚያን ሰው ትንፋሽ ሳይቀር ይይዝና የሚጻፍለትን ሁሉ በእሱ ድምፅ ይናገራል። የእኛው ማሽን የሰውን ንግግር ሰምቶ በራሱ ድምፅ ይመልሳል፤ ይኼኛው ታናሽ ወንድሙ ይበሉት፣ በሰው ድምፅ የሚናገር። ታዲዮስ ሁለቱንም ያውቃል። ፋኢዛ በራሷ ኮምፒውተር ስትሞክረው አጠገቧ ነበርኩ። የእኔን ድምፅ አስገባችና «ፋኢዛ ከሁላችን ትበልጣለች» አስባለችኝ። ሳቅን። ወዲያው ግን ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

እሷንም ጠርጥሬያት ነበር። «ይህን እያወቅሽ እንዴት አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት። ለቀናት አላናገረችኝም። ከዚያ መጥታ «ብትጠረጥሪኝም እረዳሻለሁ፤ ዝም ብል ግን በእውነት ጥፋተኛ እሆናለሁ» አለችኝ። አፈርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባን። በሩን ዘጋና «ታዲዮስ በራሱ ፈቃድ ለቋል፤ ከእሱ ጋር የሚያገናኘን የለም» አለን። «የሰዉ ድምፅ ግን እናንተ ዘንድ ነው ያለው» አልኩት። «ልጄ፣ ቅጥር ልትፈጽሚ ጥቂት ነው የቀረሽ። አፍሽን ጠብቂ» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው፤ ለዚህም ነው ያስፈራኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፆቹ ያሉበትን ክፍል ቁልፍ ለውጠውታል።

ጌቱ የሚባል አብሮን የሚማር ልጅ አለ፤ መርጡለ ማርያም አካባቢ ካለች ደብር ነው። እሱም የአጥቢያውን አለቃ ቀድቶ ነበር። ታዲዮስ የአንድ መስቀል ነገር ደጋግሞ እንደጠየቀው ነገረን። በስልክ አልነገርንም፤ ጌቱ ራሱ ሄዶ አለቃውንና ዕቃ ቤት ጠባቂውን በአካል አስጠንቅቋል። ለፖሊስም ቃላችንን ሰጥተናል። የጻፈልን ፖሊስ «ሰው ሳይናገር ድምፁ ተናገረ ነው የምትሉኝ?» ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ማሽኑ ሲናገር ለእሱም አሳየነው። እስክሪብቶውን መልሶ አነሣው።

አሁን የምለምንዎት አለ። ለነሐሴ 16፣ ለኪዳነ ምሕረት ሕዝቡ ሲሰበሰብ ከፋኢዛ ጋር እንምጣ። ማሽኑ ኔትወርክ አይፈልግም። በሕዝቡ ፊት በእርስዎ ድምፅ ያላሉትን እንዲናገር እናድርገውና ሁሉም ይየው። ይፈቅዳሉ?

የኔአለም


ደብረ ኤልያስ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔአለም፣

አልፈቅድም። ድምፄ አንዴ ተጠምዶ የሠራው ይበቃዋል።

ነገር ግን ኑ። የሚጠመድ ድምፅ ካስፈለጋችሁ የከሰሰኝ ሰው የራሱን ያውስ። አበባውን አነጋግሬዋለሁ። «ምን ይሆናል ብለህ ነው? ውሸት ከሆነ ማሽኑ ያፍራል፤ እውነት ከሆነ እኔ እፈታለሁ» አልኩት። እሺ ብሏል፤ ቀድሞ ግን ራሱን በመስቀሉ አማትቧል።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቅጽሩ ውጭ ዋርካው ሥር ይሁን። ፋኢዛም ሙነወርም እንዲቀመጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ካልሆነላችሁ የምንዋረደው ሦስታችንም ነን፤ አንቺ፣ እኔና እናትሽ። የእናትሽን ሳስብ ይከብደኛል።

ገብረ ሚካኤል


ደብረ ኤልያስ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔአለም፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለፋኢዛም ሰላምታ አድርሽልኝ። «ከሄድን በኋላ ሰዉ ምን አለ?» ብለሽ በሙነወር ላክሽብኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ያላየሽውንም እነግርሻለሁ። አንቺ ዓይንሽን ኮምፒውተሩ ላይ ተክለሽ ነበር፤ እኔ ግን ሰዉን ነበር የማየው።

አበባው እንድትቀዱት ውዳሴ ማርያም ሲደግምላችሁ ሁሉም ይስቅ ነበር። «ይኸው ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። ማሽኑ በአበባው ድምፅ «እኔ ቄስ አበባው፣ ከዛሬ ጀምሮ ወይፈኔን ለየኔታ ሰጥቻለሁ» ሲል ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ። አበባው አፉን በሁለት እጁ ከደነ፤ ከአፉ ያመለጠው መስሎት። ሚስቱ ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብላ «የትኛውን ወይፈን? ሳታማክረኝ?» ስትል ነው ሰዉ ነፍስ የዘራው። እሱ «ኧረ እኔ አይደለሁም! አልተናገርኩም!» ይላል። ከዚያም የገዛ ቃሉን ሰማው። ያን ቀን ጉባኤው ፊት እኔ ያልኩት ቃል ነው። ዞሮ አየኝ። ያ አስተያየቱ ለእኔ ከምስክር በላይ ነበር።

እናንተ መኪና ከገባችሁ በኋላ እግሬ ላይ ወደቀ። አነሣሁት። ሽማግሌዎቹም ተራ በተራ ይቅር በሉን አሉ። ጉባኤ ቤቱ ተከፍቷል። ከሄዱት ተማሪዎች ጥቂቶቹ ተመልሰዋል፤ ያልተመለሱትን አልጠብቅም።

ሁሉም መልካም ሆነ አትበይ። አሁን ደግሞ ሰዉ የሚያምነው አጣ። የጎረቤታችን ልጅ ከባሕር ዳር ታምሜአለሁ ብሎ ቢደውል እናቱ «አንተ ማሽን፣ ልጄን አታሟርትብኝ» ብላ ዘጋችበት። ልጁ በእውነት ታሞ ነበር። ሙነወር መኪና አሳፍሮ ወስዷታል። ይህን ያመጣ እውቀት የማን ነው? ያንቺ ነው ወይስ የታዲዮስ? አስቢበት።

መጽሐፉም አልተገኘም። ባዶ ሣጥኑን እያየሁ ማሕሌት መቆም ከብዶኛል።

ገብረ ሚካኤል


ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሰዎ። ጥያቄዎን አሰብኩበት። እውቀቱ አንድ ነው፤ የያዘው እጅ ነው የሚለየው ማለት ይቀለኛል፤ ግን ያቺን እናት ሳስብ አፌ ይያዛል።

የምሥራች አለኝ፤ ሙሉ ግን አይደለም። ከጌቱ አገር ላለው ዕቃ ቤት ጠባቂ በአለቃው ድምፅ ተደወለለት። «መስቀሉን የሚያነጹ ሰዎች ልኬያለሁ» ተባለ። ጠባቂው «እሺ አባቴ፣ ይምጡ» አለ። አለቃው እኮ አጠገቡ ተቀምጠው ሽሮ እየበሉ ነበር! ሰዎቹ ሲደርሱ አገሬው ከቦ ይዞ ለፖሊስ አስረከባቸው። አንደኛው ታዲዮስ ነው።

ለምስክርነት ተጠርቼ አየሁት። ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምረን ጊዜ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። «የአጎትሽን ድምፅ ማንም አልጎዳውም፤ እንዲያውም አይሞትም አሁን» አለኝ። ቃሌን ሰጥቼ ወጣሁ። ብዙ መልስ ነበረኝ፤ አሁን እያንዳንዱ ትዝ ይለኛል።

ተአምረ ማርያም ታዲዮስ ተከራይቶት በነበረ ቤት ተገኘ። የኔታ፣ ልብዎን ያጽኑ። ሥዕሎቹ ተቆርጠዋል። ጽሑፉ አለ፤ ሥዕል የነበረባቸው ቅጠሎች ግን በምላጭ ወጥተዋል። ወደ ማን እንደሄዱ አልተናገረም። ፍርድ ቤቱ ሲጨርስበት መጽሐፉን ለአጥቢያው ይመልሱታል። ይህን በሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው ዛሬውኑ የጻፍኩት።

እኔም ማሰልጠኛውን ትቻለሁ። የቀዳኋቸው ሰዎች ድምፅ እንዲደመሰስ ጠይቄ «የድርጅቱ ንብረት ነው» ስላሉኝ ነው። ፋኢዛም ተከትላኝ ወጣች። አዲስ አበባ ሥራ ሊያስገባን የሚችል ሰው አለ ይላሉ። ማን እንደሆነ ግን ሁለታችንም ገና እየጠየቅን ነው።

የኔአለም


ደብረ ኤልያስ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔአለም፣

ሰላምታዬ ይብዛልሽ። የሥዕሉን ነገር አንብቤ ጉባኤ ቤቱን ዘግቼ ዋልኩ። በማግስቱ ለሽማግሌዎቹ ነገርኩ። አለቀሱ። አበባው ግን ተነሥቶ ያልጠበቅሁትን ተናገረ፦ «ያ ታዲዮስ ልምጣ ሲል በምናምነው ሰው ፎቶ አስነሥተን በእጃችን ብንይዘው ኖሮ ዛሬ ልጆቻችን ሥዕሉን ያዩት ነበር።» ተቆጣሁት። ቆይቼ ግን እውነቱን ነው አልኩ። ፎቶው አልነበረም ክፋቱ፤ የሚያነሣው ሰው እንጂ፣ የሚያስቀምጠውም እንጂ።

እንዲህ ተስማማን። ከጉባኤ ቤቱ ጎን ያለው ክፍል ይጠረጋል። ሙነወር ከሱቁ መብራት ይስባል፤ ልጁ ኡሙልኸይርም እንድትማር ይፈልጋል። አንቺና ፋኢዛ መጥታችሁ ዲያቆናቱንም የገበያውን ልጆችም አስተምሩ። የቀሩት መጻሕፍት ፎቶ ይነሡ፤ የሚያነሡት ግን የእኛው ልጆች ናቸው። የሚቀዳ ድምፅ ቢኖር በባለቤቱ ፈቃድ ይሁን፤ አስቀምጡልኝ ሲል ይቀመጥ፣ አጥፉልኝ ሲል ይጥፋ። ከዚህ አጥቢያ ሳይመከርበት አይውጣ። ደመወዛችሁን ሰበካ ጉባኤውና ነጋዴዎቹ ያዋጣሉ፤ የአዲስ አበባን ያህል አይሆንም።

ሌላም አለ። ስጠረጥርሽ የከረምኩት በማሽኑ አይደለም፤ በራሴ ልብ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ገብረ ሚካኤል


ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

ደብዳቤው ደረሰኝ። ጽሕፈቱ የእርስዎን ይመስላል። ወረቀቱም ጨው ጨው ይሸታል።

ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በእርስዎ ጉባኤ ቤት አድጌ «ይቅርታ አድርጊልኝ» የሚል ቃል ከእርስዎ ሰምቼ አላውቅም። እናቴም ሰምታ አታውቅም። ስለዚህ ጠረጠርኩ። ለፋኢዛ ባነብላት እሷም «ይሄስ ያሰጋል» አለች።

መልስ በደብዳቤ አልሰጥም። ቅዳሜ ከሙነወር ጋር እንመጣለን፤ ኮምፒውተሩንም ልብሳችንንም ጭነን። ዋርካው ሥር ይጠብቁኝና ያንኑ ቃል ፊት ለፊት ይበሉልኝ። ከአፍዎ ስሰማው አምናለሁ።

ልጅዎ የኔአለም